መቀሱን ስጪ፣ ደብተሩን ያዢ

ልጄ፣

ሰላም ነሽ? ባለፈው እሁድ መጥተሽ ሁለት ሰዓት ያህል ስንቀመጥ ስልክሽ 11 ጊዜ ጮኸ። ቆጠርኩ፤ ሥራ የለኝማ። አንዱ ከልብስ ስፌት ቤትሽ «የዚፑ ሳጥን የት ነው?» የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ ደንበኛዋ መጥታለች፣ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም፣ ምን እንበላት? ከዚያ በኋላ ያለውን በረንዳ ወጥተሽ ስላወራሽ አልሰማሁም። ተመልሰሽ ስትቀመጪ «አባዬ፣ በቃ ሰለቸኝ፣ ሒሳቡን ጠቅልዬ ለረዳቴ ልስጣትና እፎይ ልበል» አልሽኝ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ፊት ለፊት ብነግርሽ እንደምንጨቃጨቅ ስለማውቅ ነው፤ በዚህ በኩል የእናትሽ ልጅ ነሽ።

እኔም የእንጨት ሥራ ቤቴን የከፈትኩ ሰሞን ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ሒሳብ አልወድም ነበር። ስለዚህ ገንዘብ የሚቀበለውም፣ ደብተር ላይ የሚጽፈውም፣ ባንክ የሚያስገባውም አንድ ሰው ሆነ፤ እኔ ደግሞ የጠረጴዛ እግር በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ አመሻለሁ። ለምን? ደስ ይለኛላ! የእንጨቱ ሽታ፣ እጄ ሥር እየለሰለሰ ሲመጣ... ያንን ሥራ ሦስት ጎበዝ ልጆች ሊሠሩልኝ ይችሉ ነበር። ገንዘብ መጉደሉን ያወቅኩት እንጨት አቅራቢው ያልተከፈለ የስምንት ወር ዕዳ ይዞ ሲመጣ ነው። ሰውዬው ሌባ ይሁን ዝርክርክ እስከ ዛሬ አላውቅም። በምን ልወቅ? ደብተሩም እሱ፣ ገንዘቡም እሱ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ለሌላ የሚሰጠው የሚጠላውን ሥራ ነው፤ የሚወደውን «ከእኔ በቀር ማንም አይችለውም» እያለ ታቅፎ ይቀመጣል። አንቺም ስለ ጨርቅ መቁረጥ እንዲህ ነው የምትይው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያቺ ረዳትሽ እጇ ጥሩ ነው፤ ስትሰፋ አይቻታለሁ። እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።

«እሷን እስካሳያት ራሴ ብጨርሰው ይፈጥናል» ትያለሽ። ለዛሬ ልክ ነሽ። ግን በቀን 20 ደቂቃ የሚወስድ ሥራ፣ በዓመት 300 ቀን ብትሠሪ፣ 100 ሰዓት ይሆናል። ማሳየቱ 10 ሰዓት ቢፈጅብሽ እንኳ 90ው ይተርፍሻል። መቁረጥ ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ እንዳልሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰልፉ ሁሉ አንቺን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ወይ ጊዜ የለኝም ብለሽ ደንበኛ ከመለስሽ፣ የመስጫው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

ስትሰጫት ግን ጣል አድርገሽባት እንዳትጠፊ። መጀመሪያ ርካሽ ጨርቅ ላይ ትሞክር። ከዚያ በጠመኔ ታስምር፣ አንቺ መጥተሽ እዪው፣ ከዚያ ትቁረጥ። ከተቆረጠ በኋላ መጥተሽ ብትቆጪ ምን ዋጋ አለው? ጠመኔ በእጅ ጠረግ ሲያደርጉት ይጠፋል። ከለመደች በኋላ ውድ ጨርቅ ሲመጣ ብቻ ትጥራሽ። ጨርቁን ካንቺ በተለየ መንገድ ብታጥፈው ዝም በይ፤ ልኩ ከመጣ መጣ ነው። አንድ ሁለት ጨርቅ ማበላሸቷ አይቀርም፤ ከአሁኑ ወጪ ውስጥ አስገቢው እንጂ ያን ቀን መቀሱን ከእጇ እንዳትነጥቂ፣ ሁለተኛ አትነካውም።

ደግሞ ሳትደውልልሽ የምትወስነውን ነገር ለይተሽ ንገሪያት። ጫፉ ረዘመ ያለች ደንበኛ ብትመጣ ያለ ክፍያ ታሳጥርላት፣ አንድ ቀን የዘገየ ልብስ ካለ ራሷ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ቀጠሮ ትስጥ። ሥራውን ሰጥተሽ ሥልጣኑን ከያዝሽ ስልኩ 11 ጊዜ መጮኹን አያቆምም። የዚፑ ሳጥን ላይማ ወረቀት ለጥፊበት፣ እባክሽ።

ሒሳቡን ሁሉ አንቺ ጻፊ አላልኩም። መመዝገቡን ለሷ ስጪ፣ ካቃታችሁ ባለሙያ ቅጠሪ። ግን ገንዘብ የሚቀበልና የሚመዘግብ አንድ ሰው አይሁን፤ ሰው ካነሰሽ አንዷ አንቺ ሁኚ። የባንኩን መግለጫ በወር አንዴ ከደብተሩ ጋር ራስሽ አመሳክሪው፣ መጀመሪያ ያሳብድሻል፣ በሦስተኛው ወር ቡና እየጠጣሽ ትጨርሽዋለሽ። የባንክ የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ። ግብሩን ሌላ ሰው ቢያዘጋጅልሽም ስህተት ሲገኝ የምትጠየቂው አንቺ ስለሆንሽ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

እሁድ ስትመጪ ደብተሩን ይዘሽልኝ ነይ፣ አብረን እናየዋለን። መነጽሬን አስጠግኛለሁ። መቀሱን እዚያው ተይው።

አባትሽ