ለተመራጫችን፦ የጣና ዓሣ ጥበቃ ገንዘብ በሐምሌ ይለቀቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የክልላችን ምክር ቤት የአዲሱን ዓመት በጀት ለማጽደቅ ሊሰበሰብ ነው። የእኛ ተመራጭ ከጉባኤው በፊት መራጩን ሰብስበው በዚህ ዓመት ቅድሚያ ሰጥተው የሚሟገቱላቸውን ጉዳዮች አንብበውልናል፦ ሰላም፣ የኑሮ ውድነት፣ የማዳበሪያ በወቅቱ መድረስ፣ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የመጠጥ ውኃ፣ የወጣቶች ሥራ፣ የቱሪዝም መቀዝቀዝ፣ በመጨረሻም ጣናን ከእምቦጭ አረም መታደግ። መጥተው ማዳመጣቸውን አከብራለሁ። ከዘረዘሯቸው ውስጥ ይቅር የምለው አንድም የለም። ነገር ግን ገንዘቡ ሲደለደል ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ወደ ኋላ የሚቀረው ተነሥቶ የሚጮህለት ያጣው ጉዳይ ነው። በዚያ ስብሰባ ስለ ጣና ዓሣ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እጄን ባወጣም ሰዓቱ አልቆ ዕድሉ አልደረሰኝም። ስለዚህ ልል ያሰብኩትን በጋዜጣችሁ በኩል ይስሙልኝ።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሚዛን ላይ ነው። ጠዋት ታንኳውም ሞተር ጀልባውም ሲደርስ ዓሣውን በዓይነቱ ለይቼ እመዝን፣ እጽፍ ነበር፤ ቀረሶው በአንድ ወገን፣ አምባዛው በአንድ ወገን፣ ነጭ ዓሣው በአንድ ወገን። መዝገብ የያዘ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። ነጭ ዓሣ ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ የሚመጣውም እያጠረ ሲሄድ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ከሁሉ የሚከፋኝ ግን ክረምት ላይ የሚመጣው ነበር። ሆዱ ሲቀደድ ዕንቁላሉ ሞልቶ ይፈስና ዓሣ በሚያጸዱት ሴቶች እጅ ላይ እንደ ማሽላ ይበተናል። ያ ሁሉ ዘር የውሻና የወፍ ቀለብ ሆኖ ይቀራል። ሴቶቹ ራሳቸው «ኧረ ይኼስ ግፍ ነው» ይሉ ነበር።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል የሚወርድ ገደል ስለሆነ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ጣና መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት ከሌላው ተነጥሎ የኖረው የጣና ነጭ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ ብዙ ዝርያ ሆኖ ተከፋፍሏል። አንዱ ከሐይቁ ወለል ላይ ለቅሞ ይበላል፤ ሌላው ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ ይኖራል። ተመራማሪዎች 15 ያህሉን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብለው መዝግበዋቸዋል። ቀረሶ የሚራባው እዚሁ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃና በደንገሉ ውስጥ ነው። ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ ግን ዝናቡ ሲበረታ ሐይቁን ለቀው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ይህ ጉዞ ከክረምቱ መግቢያ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከመውጣታቸው በፊትም በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ።

አስጋሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል። በወንዙ አፍ ላይ መረቡን አግድም ከዘረጋ፣ ሐይቁ መካከል ሳምንት ለፍቶ የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ያገኛል። በዚያ ሌሊት የሚያዙት ደግሞ የነገውን ዓሣ የተሸከሙት እናቶች ናቸው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረገ ክትትል፣ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ቁጥር በዚያ ጊዜ ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል መመናመኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ እኔ ያየሁት ለውጥ ቢኖር የመረቡ ዐይን መጥበቡና የመረቡ ቁጥር መብዛቱ ነው። ያ ነጭ፣ ስስ፣ ውኃ ውስጥ ፈጽሞ የማይታየው የላስቲክ ክር መረብ ከመጣ በኋላማ ሌጣ ታንኳ ያለው ሁሉ አስጋሪ ሆኗል።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ ልመለስ። ጉባኤውና የዓሣው ጉዞ የሚገናኙት በአንድ ወር ነው። ተመራጮቻችን ባሕር ዳር ተቀምጠው በጀት በሚያጸድቁበት ሐምሌ፣ ከዚሁ ከተማ በጀልባ ተሂዶ በሚደረስበት በጉማራ አፍ መረብ ይዘረጋል። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ለየመሥሪያ ቤቱ ይደለደላል፣ ወደ ወረዳ ይወርዳል፣ የነዳጅና የውሎ አበል ጥያቄ ይጻፋል፣ ጀልባው ይጠገናል። ተቆጣጣሪው ሞተር አስነሥቶ የሚወጣው ኅዳር ሲገባ ነው። ኅዳር ላይ ግን የሚጠብቀው ዓሣ የለም፤ የወጣው ወጥቷል፣ የተያዘው ተይዟል። ይህ በማንም ክፋት የሆነ አይመስለኝም። የሒሳቡ ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ነው። ክረምት ላይ መዋል ያለበት ገንዘብ በየዓመቱ ከክረምቱ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ ተመራጫችንን የምጠይቃቸው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለወንዞቹ አፍ ጥበቃ የሚውለው ገንዘብ ራሱን ችሎ በበጀቱ ውስጥ ይታይ፤ ከጉባኤው ማግሥትም ይለቀቅ። ለከርሞ ደግሞ ነዳጁና ጀልባው ከግንቦት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ለአንድ ክልል በጀት ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

አዲስ ሕግ በማርቀቅ ጊዜ እንዲያጠፉ አልፈልግም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ክልላችንም የራሱን የዓሣ አዋጅ ካወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የጎደለው ጠያቂ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እንደሆነ፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ እንደሆነ ይናገራል። እንግዲያው አስፈጻሚው ሪፖርቱን ይዞ ሲቀርብ ይጠየቅልን፦ ባለፈው ክረምት በየትኛው ወንዝ አፍ ላይ ስንት መረብ ተያዘ? ከአስጋሪው በቀር መረቡን ያስገባና የሸጠ ሰው ተጠይቋል ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በብድር የገዛው መረብ የተቃጠለበትን ድሃ አስጋሪ አይቻለሁ፤ መረቡን በጅምላ የሚያከፋፍለው ሱቅ ሲዘጋ ግን አላየሁም።

የእምቦጩንም ነገር አላቃልልም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ሲወር ስንት ሕዝብ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደነቀለ አውቃለሁ፤ እኔም ከወጡት አንዱ ነበርኩ። እምቦጭ ግን ከዳር ቆሞ ይታያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ባለሥልጣንም መጥቶ ይጎበኘዋል። የዓሣው ማለቅ ከላይ አይታይም። ደግሞም የሁለቱ ጉዳዮች መነሻ አንድ ነው። ከተራቆተው ደጋ ታጥቦ የሚመጣው አፈር እምቦጩን እየመገበ፣ ዕንቁላል የሚጣልበትን ጠጠር ይቀብራል። ከርብና ከጉማራ አሸዋና ጠጠር በመኪና ሲጫን፣ ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት እስከ ውኃው ጫፍ ሲታረስና ደንገሉ ሲጠፋ ለቀረሶውም መጠለያ አይተርፍለትም። በርብ ላይ የተሠራው ግድብም ለሩዝና ለአትክልት ገበሬው የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ ወደ ላይ የሚወጣው ዓሣ በየት ያልፋል የሚለው በምክር ቤት ሊነሣ ይገባል።

ሰላምን በተመለከተ ከተመራጫችን ጋር አንድ ነኝ። ሰላም በሌለበት ወንዝ አፍ ላይ ማንም ተቆጣጣሪ ሌሊት ጀልባ አቁሞ አይጠብቅም፣ ጠብቅ ልንለውም አንችልም። ነገር ግን እዚያ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ለአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ለደብሩ አባቶችና ለአስጋሪዎቹ ራሳቸው ጥበቃውን አደራ ማለት ይቻላል። አስጋሪው ግን በባዶ እጁ አይጠብቅም። ወንዙ ለማስገር በሚዘጋባቸው ወራት ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አብሮ ካልታሰበ፣ በቀን «እሺ» ብሎ በሌሊት መረቡን ይዘረጋል፤ አልፈርድበትም። በእነዚያ ወራት ዓሣውን ለመጠበቅ፣ እምቦጭ ለመንቀል፣ ደንገል መልሶ ለመትከል ቢቀጠር ሥራው ራሱ በእጁ ይሆናል። ለወጣቶች ሥራ ተብሎ ከሚያዘው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ተመራጫችን ያነበቡልን አንዱ ጉዳይ ሌላውን ያግዘዋል።

ክቡር ተወካያችን፣ ጉባኤው እንዳበቃ ወደ እኛ ይምጡ። በአዳራሽ ሳይሆን ጠዋት ጀልባዎቹ በሚራገፉበት ሰዓት ሐይቁ ዳር ይምጡ፤ አስጋሪዎቹን እኔ እሰበስባለሁ። ለወንዞቹ ጥበቃ ስንት ብር እንደተያዘና በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ ይንገሩን። ካልተያዘም ማን ምን ብሎ እንደተቃወመ ይንገሩን፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ምን ይዘው እንደሚቀርቡ እዚያው አብረን እንመካከራለን። ዓሣው መንገድ ስለጀመረ ከሐምሌ ሳይወጡ ይሁን።

የቀድሞ የዓሣ መዛኝ
ከባሕር ዳር