መንገዱን ለማያውቅ ብስክሌተኛ፦ ለመስመር ምልክቶች ማሻሻያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የብስክሌት መስመሩ ተጠቃሚዎችና ወዳጆች፣

በመስመሩ ላይ ያሉትን አቅጣጫ አመልካቾች ለማሻሻል በጋራ ሥራ ጀምረናል፤ ለፍጻሜው የእናንተ ገንዘብና ጉልበት ያስፈልገናል። አሁን የተተከሉት ምልክቶች የሚገቡት መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ምልክት አያስፈልገውም።

ችግሩ የሚጎላው መጋጠሚያ ላይ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛ በአንድ ሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ስለሚያልፍ፣ መታጠፊያው አፍ ላይ የተተከለ ምልክት ተነቦ ሳያልቅ መታጠፊያው ከኋላ ይቀራል። እንግዳው ያን ጊዜ ወይ በድንገት ፍሬን ይይዛል፣ ወይ ከኋላው የሚመጣውን ተሽከርካሪ ሳያይ ይጠመዘዛል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ምልክቶች እንዲኖሩ አስበናል፤ አንዱ አስቀድሞ መታጠፊያውን የሚያመለክት፣ ሌላው ጥቂት አለፍ ብሎ ተጓዡ መስመሩን እንዳልሳተ የሚያረጋግጥ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ሁለተኛው ነው። በእኛ እምነት ግን ይህ ስሕተት ነው፤ ማረጋገጫ ያጣ እንግዳ በትክክለኛው መንገድ ላይ ሳለ ተጠራጥሮ ወደ ኋላ ይመለሳልና።

ከቦታ ስም በተጨማሪ ለመጋጠሚያዎቹ ቁጥር ልንሰጣቸው አቅደናል። ይህን አሠራር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1995 በቤልጅየም ሊምበርግ ያስጀመረው የማዕድን መሐንዲሱ ሁጎ ቦለን ሲሆን፣ ኋላ በኔዘርላንድስም በስፋት ተለምዷል። ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያም ወደ ቀጣዩ ቁጥር የሚወስደውን ቀስት ይከተላል። የአካባቢውን ቋንቋም ሆነ የመንደሮቹን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም።

የምትሰጡት ገንዘብ ለሰሌዳ፣ ለምሰሶ፣ በሌሊት የመብራት ብርሃን ለሚያንጸባርቅ ሽፋንና ለተከላ ይውላል። ከገቢው የተወሰነውን ክፍል ለጥገና እናስቀምጣለን፤ ቅርንጫፍ የሸፈነው ወይም ነፋስ ያዞረው ሰሌዳ ከነጭራሹ ካልተተከለው ይልቅ ያሳስታል። ተከላው የሚጀመረው መንገዱን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ገቢና ወጪውም ለለጋሾች በጽሑፍ ይቀርባል። ምሰሶ፣ መሣሪያ ወይም የቀለም ቅቢ ሙያ ያላችሁም በዚሁ ልትረዱን ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን በገንዘብ አይገዛም። እኛ አዘጋጆቹ መስመሩን ከልክ በላይ ስለምናውቀው ጉድለቱ አይታየንም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ሄዶ የማያውቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች፣ ቋሚው ሰሌዳ ከመሠራቱ በፊት በጊዜያዊ የካርቶን ምልክቶች በምናደርገው ሙከራ ላይ እንዲሳተፍ ጋብዙልን። እርሱ ያለ ስልክ ካርታ ከፊት ይነዳል፤ እኛ ከኋላው ምንም ሳንናገር እየተከተልን የቆመበትን፣ ያመነታበትንና የተሳሳተበትን ቦታ ሁሉ እንመዘግባለን።