ለሰዓዳ፣ ከደሴ

ደሴ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ሰዓድዬ፣ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም። አንዴ ስልክሽ ተቀየረ፣ አንዴ የኔ ጠፋ። ከዚያ ዝምታው በረዘመ ቁጥር መጀመሩ እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በይኝ።

ታኅሣሥ ላይ በአፋር በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቁን ሲያወዛውዝ ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሁለት ልጆች ጋር! ወንድምሽን አፈላልጌ አገኘሁት። «ደህና ናት፤ ግን ፈርታለች። ለክፉ ቀን ቤት ውስጥ ምን እንደምታስቀምጥ ግራ ገብቷታል፤ ደሞዟ ደግሞ ከወር ወር አያደርስም» አለኝ። አብሽሪ። ይሄን ነገር እኔ በ2014 እዚሁ ተምሬዋለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ያኔ በጦርነቱ ጊዜ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ስትወጪ እኔ እማዬን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ጥቅምት 20 ገደማ ከተማዋ ተያዘች። እስከ ኅዳር መጨረሻ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ ዝግ። ቤቴ ግን ባዶ አልነበረም። ግማሽ ኩንታል ስንዴ ነበረኝ፤ በሱ ተማምኜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዱቄት አለቀና ስንዴዬን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሰልፍ የለም፣ ድምፅ የለም። መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም ቆሟል። እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ከዶሮ ቤቱ ሥር የድንጋይ ወፍጮ አወጡ። የእናታቸው ነበር። አጥበን፣ ተንበርክከን፣ መጁን እየተቀባበልን ፈጨን። ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጭተን ለሁለት ቀን የማይበቃ ዱቄት። መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። የተረፈውን ስንዴ ንፍሮ እያደረግን በላነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከመግዛቴ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ። መብራት ባይኖር ይሄን ማታ ለልጅ ማቅረብ እችላለሁ ወይ? ስለዚህ አንደኛ በሶ ያዢ። እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ትንሽ ጨው ወይም ስኳር ይበቃዋል። ቀጥሎ ድርቆሽ። የተረፈሽን እንጀራ አትጣዪ፣ ቆራርሰሽ አስጪው። እኔ የደሴ ጉም አላደርቅልኝ ሲል ኮምቦልቻ እህቴ ጋር እወስደዋለሁ። ሐረጎን ወርደሽ እዚያ ስትደርሺ ሌላ ፀሐይ ነው፤ በሁለት ቀን እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ሽሮና ምስር ክክ ቶሎ ስለሚበስሉ ከባቄላና ከአተር ይሻላሉ። ከሰል አይጨርሱብሽም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አንድ ቀን ሁሉን ልግዛ አትበዪ። እኔ በሳምንት 100 ብር ለብቻ አስቀምጣለሁ። አንዱን ሳምንት ጨውና ክብሪት፣ ሌላውን ሳሙና፣ ሌላውን ግማሽ ኪሎ ምስር። ለዘይቱ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ዕቁብ ይዘናል። በየወሩ ለአንዷ ባለ 5 ሊትር ይገዛላታል። ወሬ በተነሳ ቀን ደግሞ ሱቅ አትሂጂ፤ የዚያን ቀን ዋጋው የሰው ፍርሃት ነው። እህል አሁን፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ሲረክስ ነው የሚገዛው። እኔም ባለፈው ሰኞ ገበያ ወርጄ ሽምብራዬን ገዝቻለሁ። ነቀዝ እንዳይበላብሽ ጥራጥሬውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለሽ አስቀምጪ። ጤፉ በመሀል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል፤ ጤፉን ደግሞ አይነካውም። ስትፈልጊ በወንፊት ትለይዋለሽ። የቆየውን አስቀድመሽ ብዪ፣ አዲሱን ከኋላ አድርጊ። ያኔ የሚበላሽ የለም።

ውሃ የናንተ ሰፈር በፈረቃ መሆኑን ወንድምሽ ነግሮኛል። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ገደማ ያዢ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለሦስታችሁ ሦስት ቀን ያቆያችኋል። ጄሪካኑ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን እንጂ ኬሚካል የነካው እንዳይሆን። ውሃውን ካልተማመንሽው «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ እንደተጻፈበት ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ልጆቹን ተቅማጥ ከያዛቸው በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ አጠጪ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይከመር።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ያኔ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት እያለቀ ነበር። እኔ ቆጥሬ ይበቃል ብያለሁ። አንድ ማታ ራሷን ይዛ ተኛች፤ ብልቃጡን ሳየው ከቆጠርኩት በላይ ኪኒን አለበት። ለካ ሳትነግረኝ አንድ ቀን እየዘለለች ነበር የምትውጠው። «ይቆይልን ብዬ ነው» አለችኝ። ሰዓድዬ፣ እስከ ዛሬ ያቺን ብልቃጥ አልረሳትም። የልጅሽ የአስም መድኃኒት አንድ ወር ወደፊት ይኑርሽ። ከምግብ ላይ ቢቀነስም ይሄ ይቅደም።

ጥሬ ብርም ያዢ፣ በባለ 10 እና በባለ 50። መረብ ሲጠፋ ቴሌብር ዋጋ የለውም፤ 200 ብር ይዘሽ ብትሄጂም ዝርዝር የለም ይሉሻል። ሻማ አለኝ ብለሽ አትኩሪ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ወድቆ መጋረጃ ይይዛል፤ ትንሽ የሶላር መብራት ይሻላል። ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ እንዳታነጂ፣ አደራ። የማይታይ የማይሸት መርዝ አለው። ከልጆቹ አልጋ በላይ ከባድ ዕቃ ካለ ዛሬውኑ አውርጂ። መታወቂያችሁንና የክትባት ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለሽ ከጫማችሁ ጋር በሩ ሥር አስቀምጪ።

ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመለስ አንድ ጣሳ በሶና ትንሽ ድርቆሽ ይዞልሽ ይመጣል። በሶውን የቆላችው እማዬ ናት፤ ለልጆቹ ብላ ትንሽ ሱፍ ጨምራበታለች። ጣሳውን ሲመጣ መልሰሽ ላኪልኝ፣ እንደገና ሞልቼ እልካለሁ። አዲሱን ቁጥሬን ከሱ ተቀበዪና እሑድ ማታ ደውዪልኝ። እማዬም ትጠብቅሻለች።

ያንቺው አልማዝ