ስለዚያ ባለ አንድ ዓይን ጄኔራል ለጠየቅከኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናትህ የሰንበት ዳቦ በጋገረች ቁጥር አሁንም ያንተን ድርሻ ለብቻው ታስቀምጣለች። የምበላው እኔ ነኝ፤ እንዳትነግራት።

ባለፈው ሐሙስ ስትደውል፣ ከወታደርነት ተነስቶ የአገር ጉዳይ እስከ መምራት ስለደረሰ አንድ ሰው የአስር ደቂቃ ንግግር እንድታዘጋጅ ኮርሱ ላይ መታዘዝህን ነገርከኝ። የእስራኤሉን ጄኔራል ሞሼ ዳያንን መርጠሃል። "አባ፣ ጎንደር ሳላችሁ ታውቁት ነበር?" አልከኝ። "አናውቀውም። አንድ ንግግሩ ግን እኛ መንደር ድረስ መጥቷል" አልኩህና ስልኩ ተቋረጠ። በኋላ ሳስበው ይሄ ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

በአማርኛ የምጽፍልህ ሆን ብዬ ነው። በዕብራይስጥ ብጽፍ ስህተቴን ስታርም ትውልና ነገሩ ያመልጥሃል። ቀስ እያልክ አንብብ። ፊደል ሳስቆጥርህ ያለቀስከው ለዚህ ቀን ነበር።

ከስሙ ልጀምር። ሰውዬው በ1915 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ከኪነሬት ሐይቅ፣ ከገሊላ ባሕር አጠገብ፣ ደጋንያ በሚባለው ኪቡጽ፣ በጋራ እርሻ መንደር ተወለደ። ሞሼ የተባለው በአንድ ሟች ስም ነው። ሞሼ ባርስኪ የሚባል ወጣት በ1913 ለታመመ ጓደኛው መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቶ መንገድ ላይ ተገደለ። ያ የታመመው ጓደኛ የዳያን አባት ሽሙኤል ነበር። ወንድ ልጅ ሲወለድለት የባርስኪን ስም አወጣለት። አንተም የአያትህን ስም ይዘሃል፤ ግን ያንተ አያት አርጅቶ አልጋው ላይ ነው የሞተው። የሱ ስም ዕዳም ነበረበት።

ቤተሰቡ በኋላ ናሃላል ወደሚባለው ሞሻቭ፣ ወደ ገበሬዎች የኅብረት መንደር ሄደ። ልጁ እርሻ ላይ አደገ፤ በአስራ አራት ዓመቱ ድብቁ የአይሁድ ጦር ሃጋና ውስጥ ገባ።

አሁን የምነግርህን አዛዦችህም ላያውቁት ይችላሉ። በ1938 እነ ዳያንን የሌሊት ውጊያ ያስተማራቸው ኦርድ ዊንጌት የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ከእጁ የማይለይ፣ ትንሽ ነካ ያደረገው የሚመስል ሰው ነበር ይባላል። ትምህርቱ አጭር ነው። አጥር ውስጥ ቁጭ ብለህ ጠላትህን አትጠብቅ፤ በጨለማ ወጥተህ መንገዱ ላይ አድፍጥለት። ዳያን ይህን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ይኸው ዊንጌት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጎጃም ገባ! ጌዴዎን ብሎ የሰየመውን ጦር ይዞ፣ ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ጣሊያንን እየገፋ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴን አጅቦ ሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ደረሰ። አገር ቤት ሚያዝያ 27 የሚከበረው ያ ቀን ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ላይ "ዊንጌት" ካልክ ታክሲው ያወርድሃል። ትምህርት ቤቱም ሰፈሩም በስሙ ነው የሚጠሩት። የዳያን መምህርና ንጉሡን አጅቦ የገባው ፈረንጅ አንድ ሰው መሆናቸውን እኔ ያወቅኩት እዚህ ከመጣሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ደስ ብሎኝ ለእናትህ ስነግራት "ታዲያ ምን ይሁን?" አለችኝ።

ከዚያ ቀን አንድ ወር አለፈ። ጁን 8 ቀን 1941 ዳያን ከአውስትራሊያ ወታደሮች ጋር ሊባኖስ ውስጥ ነበር። ገና ከእስር ቤት መውጣቱ ነው። ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ያለፈቃድ መሳሪያ ይዘሃል ብለው አስር ዓመት ፈርደውበት ነበር፤ ጦርነቱ ሲጠናባቸው ግን ፈቱትና መንገድ እንዲመራላቸው ላኩት። አንድ የፖሊስ ጣቢያ ይዘው ጣሪያው ላይ ወጣ። የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ጥይት መነጽሩን መታው። ብርጭቆውና ብረቱ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሐይፋ ሆስፒታል እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ወሰደ።

ፎቶው ላይ የምታየው ጥቁር ጨርቅ ከዚያ የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ጀግንነት ይመስለዋል። እሱ ግን ይጠላው ነበር። በመስታወት ዓይን ሊተካው ፓሪስ ድረስ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ አልተሳካም። ንግግርህ ላይ ፎቶውን ከማሳየትህ በፊት ይህን ንገራቸው።

የ1948ቱን ጦርነት በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ መጻሕፍቱ እጅህ ላይ ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም በል። በጁላይ ሻለቃውን ይዞ በጂፕ እየበረረ ሎድ ከተማ ውስጥ እየተኮሰ አለፈ። በቀናት ውስጥ የከተማዋ አረቦች በአስር ሺዎች ተባረሩ። ሴቱም ሕፃኑም በዚያ ሐሩር በእግሩ ወጣ። ሎድ ማለት እኛ ከአውሮፕላን የወረድንበት አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ነው። በእግር መሰደድ ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ይታወቃል፤ ስለዚህ ይህንንም ዝለለው አልልህም።

ዳያን ራሱም አልዘለለውም። ይህ ነው እኔን የሚገርመኝ። በ1956 ኤታማዦር ሹም ነበር። በኤፕሪል ናሃል ኦዝ በሚባለው ኪቡጽ፣ ጋዛ ድንበር ላይ፣ ሮዒ ሮትበርግ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ተገደለ። ዳያን ቀብሩ ላይ ተናገረ። ሰው በቀልና ፉከራ ነበር የጠበቀው። እሱ ግን ገዳዮቹን ዛሬ አንውቀስ አለ። እነዚያ ሰዎች ስምንት ዓመት ሙሉ የጋዛ ስደተኛ መጠለያ ውስጥ ተቀምጠው የአባቶቻቸውን መሬት የኛ ቤት ስናደርገው እያዩ ነው፤ ቢጠሉን ምን ይገርማል አለ። ከዚያ ግን "ስለዚህ እንታረቅ" አላለም። ስለዚህ ሰይፋችን ከእጃችን አይውደቅ ነው ያለው። ይህን ንግግር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አጥርቶ አየና ወደዚያው ሰይፉ ተመለሰ። ናሃል ኦዝ በኦክቶበር 2023 ምን እንደደረሰበት አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።

ከውትድርና ወጥቶ በ1959 የግብርና ሚኒስትር ሆነ። ማኒሜከር የሚባል የቲማቲም ዘር ካላስፋፋሁ ብሎ ከሕዝቡ ጋር ተጣላ፤ ጣዕም የለውም አሉት። ወጥ የምትሠራ ሴት ሳያማክር ነው መቼም።

በ1967 ጦርነቱ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው የመከላከያ ሚኒስትር አደረጉት። ስድስቱን ቀን ትምህርት ቤት ተምረኸዋል። ወታደሮቹ ኢየሩሳሌም ገብተው የእስራኤልን ባንዲራ የሙስሊሞቹ ቅዱስ ስፍራ የዓለት ጉልላት ላይ ሰቅለው ነበር። አውርዱት ያለው ዳያን ነው። የመስጊዱንም አስተዳደር ለሙስሊሞቹ ተወላቸው። ድል ራስ ላይ በሚወጣበት ሰዓት እንዲህ ማድረግ ቀላል አይደለም።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ያ ሁሉ ዝና ፈረሰ። በ1973፣ እኛ አስተስርዮ በምንለው በስርየት ጾም ቀን፣ በዮም ኪፑር ዕለት፣ ግብፅና ሶሪያ ባንድ ጊዜ መጡ። ጠዋት ኤታማዦር ሹሙ ተጠባባቂው ጦር በብዛት ይጠራ ሲል ዳያን ይህን ያህል አያስፈልግም ብሎ ነበር። ከ2,600 በላይ ወታደሮች አለቁ። ያ የማይደፈር ሰውዬ በሁለተኛው ቀን ሦስተኛው ቤተ መቅደስ (አገሪቱን ማለቱ ነው) ሊፈርስ ነው እያለ ሌሎቹን ያስደነግጥ ጀመር። መርማሪው ኮሚሽን ጥፋቱን ጄኔራሎቹ ላይ አደረገ፤ እሱን ነጻ አወጣው። ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ግን ነጻ አላወጡትም። ፊት ለፊት ነፍሰ ገዳይ ይሉት ነበር። በ1974 ከሥልጣን ወረደ። ኢትዮጵያም ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት ያቋረጠችው በዚያው ጦርነት ሰሞን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ደረስኩ። በ1977 ምናሔም ቤጊን ምርጫ አሸንፎ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሁንልኝ አለው። የራሱ ፓርቲ ሰዎች ከሃዲ አሉት። እሱ ገባበት። በሴፕቴምበር ጥቁሩን ጨርቅ አውልቆ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉርና ጺም አድርጎ፣ ተደብቆ ሞሮኮ ገባ። እዚያ የግብፁን ፕሬዚዳንት የሳዳትን መልእክተኛ አገኘ። ሁለት ወር ትንሽ አለፍ እንዳለ፣ በኖቬምበር ሳዳት ኢየሩሳሌም ቆመ። ዳያን ያን ሁሉ ምስጢር እንዴት እንደጠበቀው እይልኝ።

በዚያው ዓመት የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገብቶ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መሳሪያ ይፈልጋል፤ ከእስራኤልም በድብቅ ያገኛል። ቤጊን ደግሞ አይሁዶቹን ስጡኝ አለ። ስለዚህ መሳሪያ አራግፈው ባዶ ከሚመለሱት አውሮፕላኖች ሁለቱ የኛን ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎቹን፣ ይዘው ተመለሱ። ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ትንሽ ናት፤ ግን በር ነበረች። በአውሮፕላን፣ ተቀምጠህ፣ ልጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ የምትሄድባት።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1978 ዳያን ዙሪክ ላይ ለጋዜጠኞች እስራኤል ለኢትዮጵያ መሳሪያ ትሸጣለች አለ። በቃ። መንግሥቱ ወዳጆቹ እነ ሊቢያ ፊት ተጋለጠ፤ እስራኤላውያኑን አባረረ፣ ያቺም በር ተዘጋች። ሞሮኮን ያህል ምስጢር ሆዱ ውስጥ የያዘ ሰው ለምን እንዲህ እንዳለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንዳንዱ አምልጦት ነው ይላል፤ አንዳንዱ አውቆ ነው ይላል። አገር ቤት ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

እኔ ያኔ የአስራ ሁለት ዓመት እረኛ ነበርኩ። ዙሪክ የሚባል አገር መኖሩንም አላውቅ። ከዚያ በኋላ የኛው ወገን እነ ፈረደ አክሉም የሱዳኑን መንገድ ከፈቱ፣ እኛም በእግራችን ወጣን። የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ስንቶቻችን እንደወጣንና ስንቶቻችን እንደደረስን እናትህ ነግራሃለች። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚሆን ሰው አልቋል። በዳያን አላሳብብም። የረሃብ፣ የበሽታ፣ የሽፍታና የደርግ ድርሻ አለበት፤ ያቺ በር ብትከፈት ኖሮም ስንቱን ታወጣ እንደነበር ማንም አያውቅም። በ1984 በመጣንበት ጊዜም ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሱዳን ጉዞውን አስቆመችው። የጉዞው ስም ዘመቻ ሙሴ መሆኑ ይገርመኛል፤ ሙሴ ማለት ያው ሞሼ ነው።

በ1990ዎቹ አንድ ምሽት የዕብራይስጥ ትምህርት ጨርሼ ጋዜጣ ሳነብ ነው ይህን ታሪክ ያገኘሁት። ለሳምንት ያህል የሰውዬውን ፎቶ ማየት አልፈልግም ነበር። ከዚያ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስትናደድበት ነው ሰውን በደንብ የምታጠናው።

አንድ ነገር ላይ ግን አሸንፎኛል። ድሮ "ሻርም ኤል ሼክ ከሌለበት ሰላም፣ ሰላም የሌለበት ሻርም ኤል ሼክ ይሻለኛል" ብሎ ነበር። በ1978 ካምፕ ዴቪድ ላይ አስራ ሦስት ቀን ተቀምጦ ሲናን በሙሉ፣ ሻርምንም ጨምሮ፣ ለግብፅ ለመመለስ ከሚደክሙት አንዱ ሆነ። የራሱን ቃል ሰው ፊት አጠፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከፍልስጤማውያኑ ጋር ያለው ጉዳይ በያዘው መንገድ አይሆንም ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ካንሰርም ይዞት ነበር። በ1981 በ66 ዓመቱ ሞተ፤ ናሃላል ተቀበረ። ያለፈቃድ እየቆፈረ ያከማቸውን ጥንታዊ ዕቃ የእስራኤል ሙዚየም በሚሊዮን ዶላር ገዛው። ለልጆቹም ጥሩ አባት እንዳልነበረ ልጆቹ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል።

በመንገድ የቀሩብንን የምናስብበት ሥነ ሥርዓት በኢየሩሳሌም ቀን ሔርጽል ተራራ ላይ ነው የሚደረገው። የዳያን ትልቁ የድል ቀን የሚከበርበት ቀን ነው። ጠዋት እናለቅሳለን፣ ማታ ከተማው ሙሉ ባንዲራ ይዞ ይዘፍናል። ዘንድሮ ፈቃድ ጠይቅና ና። ዩኒፎርምህን ለብሰህ ብትመጣ አያትህ ደስ ይላታል፤ ጫማህን ግን ጥረገው።

አስር ደቂቃ ይህን ሁሉ አይችልም። ቲማቲሙን ተወው። ዊንጌትን ካስገባህ እኔ ደስ ይለኛል። ዙሪክን ግን አትተዋት። መምህርህ ከየት አገኘኸው ካለህ፣ አባቴ በእግሩ መጥቶ ነገረኝ በለው።

አባትህ