ሽማግሌ መላክ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ሰሞን በዚሁ ዓምድ አንድ አስተያየት አንብቤ ነበር። ቤቱንና ከብቱን ሲከላከል ሰው የገደለ ገበሬ ጭራሽ መታሰር የለበትም የሚል ነው። ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉት ያስታውቃል። ከእስር በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ምንም አላነሱም። እኔ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

አገራችን ወሎ ነው፣ ከሐይቅ ወዲያ። እኔ መምህርት ነኝ፣ ባለቤቴ ገበሬ። አንድ ሌሊት በረቱ ተሰብሮ በሬዎቹ ሲነዱ ሰምቶ ወጣ። ከሌቦቹ አንዱ ገጀራ ይዞ መጣበት። ባለቤቴ ፈቃድ ያለው ክላሽ ነበረው። መጀመሪያ ወደ ላይ ተኮሰ፤ ሰውየው አልቆመም። ከዚያ የሆነው ሆነ። ሊነጋጋ ሲል ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። ሟቹ ከሩቅ የመጣ ሽፍታ እንዳይመስላችሁ። የማዶው መንደር ልጅ ነው። እናቱን ገበያ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ሰላም እላቸው ነበር።

ሕጉን ልወቅስ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል አያስቀጣም ይላል። ጥቃቱ ሕገወጥና አፋጣኝ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ልክ ያለፈ እንኳ ቢሆን ያለፈው በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊተውለት እንደሚችል አንቀጽ 79 ላይ አለ። ግን ይህ ሁሉ የሚመዘነው መጨረሻ ላይ ነው። ክሱ የተከፈተው በአንቀጽ 540 ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚያስቀጣው። የሰው ሕይወት ስላለፈ ዋስትና ተከለከለ። ስለዚህ ፍርዱን የጠበቀው ታስሮ ነው።

ችሎት ላይ ብዙ ተጠየቀ። ስንት እርምጃ ያህል ይርቅ ነበር? በጨለማ ገጀራውን እንዴት አየኸው? በየትኛው እጁ ይዞት ነበር? በር ዘግተህ ለምን አልጮህክም? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ሰው ሞቷል። እሱ ግን አሁንም ሌሊት ሌሊት ይመልሳቸዋል። በእንቅልፍ ልቡ «በቀኝ እጁ፣ በቀኝ እጁ» ሲል እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኛ አገር ደም የሚደርቀው በአበጋር ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚቀመጥበት ሽምግልና ነው። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል። ይህ ሲሆን ቶሎ ነው፣ ቂሙ ሳይከርም። እኛም ባለቤቴ ገና እንደታሰረ ሽማግሌ ልንልክ ተነስተን ነበር። የከለከለን ጠበቃችን ነው። «ችሎት ፊት አላጠፋሁም እያለ ሽማግሌ ፊት በድያለሁ ማሩኝ ካለ፣ ዐቃቤ ሕግ ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርጎ ይቆጥራቸዋል» አለን። ጠበቃው ሥራውን ነው የሠራው። እኛም አርፈን ተቀመጥን።

ለሟች ቤተሰብ ግን ዝም ማለታችን ንቀት ነበር። ልጃቸውን ቀብረው አንድ ሰው እንኳ ደጃቸው አልቆመም። ባለቤቴ ነጻ በተባለ ዕለት እናትየው ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቆሙ። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። «ፍርዱስ ይሁን፣ ሽማግሌ እንኳ ትከለክሉኝ?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ስለ ጠበቃ ምክር ለእሳቸው እንዴት ይወራል?

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ስንልክ የሟች ወንድም «ነጻ ነኝ ብሏል አይደል፤ ነጻ ሰው ምን እርቅ ያስፈልገዋል?» ብሎ መለሳቸው። እንደ ወግ ካየነው እውነት አለው። ስለዚህ ባለቤቴ መንደሩ መግባት አልቻለም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተን ደሴ ቤት ተከራየን። እሱ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። እኔ የሥራ ዝውውር ስጠይቅ ቅጹ ላይ ጤና የሚል አለ፣ ጋብቻ የሚል አለ፤ ደም የሚል ግን የለም። ጋብቻ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ክላሹን ውሰድ ሲሉት እምቢ አለ። ዘመዶቹ ደግሞ ደመኛ እያለህ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ ወይ ብለው ያብዱበታል። ከሁሉ የባሰው ግን ሙገሳው ነው። አንድ የዘመድ ሰርግ ላይ አንድ ጎረምሳ ተነስቶ በስሙ ፎከረለት፣ «ገዳይ» እያለ። ባለቤቴ የያዘውን እንጀራ አስቀምጦ ወጣ። በእግሩ ነው ወደ ቤት የተመለሰው። ፍርድ ቤቱ ጥፋት የለብህም ብሎታል፣ ሰፈሩ ጀግና ብሎታል። የንስሐ አባቱ ብቻ ናቸው ሰው ሞቷልና አልቅስ ያሉት። ቀኖና ሰጡት፣ ሰገደ፣ ጾመ። ትንሽ ቀለል ሲለው ያየሁት ያኔ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለ እንቅልፉ ስናገር የሰጡኝ የራስ ምታት ክኒን ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ተጠልፋ የተደፈረች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ፍርድ ቤት ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወሰኑባት፤ ለብዙ ዓመታትም አልተመለሰችም። የጠለፋው ሕግ ከዚያ በኋላ ጠበቀ። ሕግ ነጻ ያለውን ሰው ወደ ቤቱ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን በግልጽ አልተቀመጠም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የባህል ዳኝነትን የሚያነሳው ስለ ግልና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስለ ደም ምንም አይልም። ኦሮሚያ በ2013 ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አውቃለች፤ ስለዚህ በር መክፈት ይቻላል ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ጉዳዩ በችሎት እያለ የተላከ ሽማግሌ፣ የተከፈለ ካሳ፣ የተጠየቀ ይቅርታ በተከሳሹ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ በሕግ ይጻፍ። ዐቃቤ ሕግም ክሱን ይቀጥል፣ ዳኛውም ማስረጃውን ይመዝን። አበጋሮቹ ግን በዚያው ሰሞን የሟችን ቤት ደጃፍ ይርገጡ።

ከሕግ ባለሙያዎች መካከል ይህ አይሆንም የሚል ካለ፣ ለምን እንደማይሆን በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል። የሟች ወንድም ይህን ጋዜጣ ሊያነብ ስለሚችል ስሜን አታውጡብኝ።

አንዲት መምህርት፣ ከደሴ