የጂኦግራፊ ክበብ፦ ከወይራው ሥር የነበረው ሳጥን

ክበባችን ዘንድሮ የግድግዳ ካርታውን አድሷል፣ የዝናብ መለኪያውን ሳያቋርጥ አንብቧል፣ በወላጆች ቀንም ዐውደ ርዕይ አቅርቧል። የዚህ ገጽ አብዛኛው ግን ለጂኦካቺንግ ይሁንልኝ፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ያወሩት እሱን ነውና።

ጨዋታው ድብብቆሽ ነው፤ የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ሳጥን ነው። ደባቂው የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይሰጣል፤ ፈላጊው ያለበትን ቦታ በሳተላይት ምልክት በሚያሳየው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ይጽፍና እዚያው ይመልሰዋል። አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ታዛባ ነበር። ይህን ያቆመችው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ። ጨዋታው እንዲህ ተጀመረ።

እኛ የደበቅነው ከስድስት ኪሎ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ፈቃድ ጠይቀን በገባንበት የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ነው። ጥብቅ ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ፣ ደብተርና እርሳስ በቂ ነበሩ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ምግብ አይገባበትም፣ ሽታው እንስሳ ይጠራል።

በመጀመሪያው ፍለጋ አንደኛው ቡድን ገና ከበሩ ሳይወጣ ቆመ። ስልኩ ሳጥኑ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በስተምዕራብ፣ ሆለታ አካባቢ እንዳለ ያሳያል! ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። 38 ዲግሪ ከ45.7 ደቂቃ የሚለውን 38.457 ብለው አስገብተውታል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነውና 45.7ን ለ60 አካፍለው 38 ላይ ሲደምሩት 38.762 ሆነ፤ ቀስቱም ወደ ቀበና ዞረ። ደቂቃና ዲግሪን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ሲገባቸው ግን አይቼ አላውቅም።

ጫካው ውስጥ ሌላ ችግር ገጠመን። ስልክ ያለበትን ለማወቅ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት መቀበል አለበት፤ እነሱም ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ቅጠልና ግንድ ምልክቱን ያደክሙታል። ሦስት ስልኮች ሦስት ቦታ አሳዩን፤ አንዱ እንዲያውም ወንዙ ውስጥ ግቡ አለን። ከዚያ በኋላ ያለው የዓይንና የማስተዋል ሥራ ነው። ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ፤ ልጆቹ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ዛፍ ማየት ይጀምራሉና።

ፍንጩን በእንቆቅልሽ ጽፌው ነበር፦ «በርጥቡ ጥርስ፣ በደረቁ ጋን የሚያጸዳ»። ሁሉም ባሕር ዛፎቹን ሲዞሩ ዋሉ፣ የተላጠ ልጣጭ ሁሉ ተገለበጠ፣ ሳጥኑ አልተገኘም። በሳምንቱ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እየሮጠች መጣች። አያቷን ጠይቃ ነበር፤ እሳቸውም «ወይራ ነዋ ልጄ! መፋቂያው እሱ፣ የጠላ ጋን የሚታጠነው በእሱ» ብለው መለሱላት። በዚያ ሁሉ ባሕር ዛፍ መካከል ያለው ወይራ አንድ ብቻ ነው። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥር ፈዘዝ ያለ ቅጠሉን ገልብጣ አየችና ተንበረከከች። ሳጥኑ ከሥሩ፣ በድንጋይ ተከልሎ ነበር። ደብተሩ ላይ ከስሟ ቀጥሎ የአያቷን ስም ጻፈች።

የክረምቱ ዝናብ እንዳያበላሸው ሳጥኑን ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንሥተነዋል። ደብተሩ ክበቡ ክፍል ውስጥ ስለሚገኝ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። በመስከረም ሌላ ቦታ እንደብቃለን፤ ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ቤቱ ያለው ተማሪ ቢያመጣልን ደስ ይለናል።