መኪናው ስለ እኛ የሚያውቀው

ለአዘጋጁ፦

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ የባትሪውን ዋጋና የኃይል መሙያ ጣቢያ እጥረትን በሚገባ አንስቷል። መኪናው ስለ አሽከርካሪው የሚሰበስበውን መረጃ ግን አልነካውም።

በቅርቡ እዚህ አዳማ ያገለገለ መኪና ገዛሁ። ስክሪኑን ስከፍት የቀድሞው ባለቤት የስልክ ማውጫ፣ የደወለላቸው ሰዎች ዝርዝርና «ቤት» ብሎ የመዘገበው አድራሻ ሳይነካ ተቀምጧል። ሰውየው ለሽያጭ ሲያዘጋጀው ጎማውን ሳይቀር አሳጥቦታል፤ ምስጢሩን ማጥፋት ግን አላወቀም። አልፈርድበትም። የስክሪኑ ምርጫዎች በቻይንኛ በመሆናቸው እኔም ማጥፊያውን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ነገሩ በስልክ ማውጫ አያበቃም። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች የራሳቸው ሲም ካርድ አላቸው፤ የት እንደዋልንና በምን ፍጥነት እንደነዳን ለአምራቹ ሊልኩ ይችላሉ። ለኢንተርኔት ተጠቃሚዎች መብት የሚሠራው ሞዚላ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የ25 የመኪና ብራንዶችን የግላዊነት አያያዝ ሲፈትሽ አንዱም መስፈርቱን አላሟላም። እኛ ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይሁንና በማያነበው ቋንቋ «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነ ሰው ምን ፈቀደ ይባላል?

የመንጃ ፈቃድ ሥልጠናው አሁንም በማርሽና በመንገድ ምልክት ላይ ያተኩራል። የማሠልጠኛ ተቋማት መረጃ መሰረዝንና የአካባቢ መከታተያን መዝጋትን የሚያሳይ አንድ ክፍለ ጊዜ ይጨምሩ፤ አስመጪዎችም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር መመሪያ እንዲያቀርቡ ይገደዱ። የባለቤትነት ስም ሲዛወርም የመኪናው ማህደረ ትውስታ መጽዳቱን ሻጩ በፊርማ ያረጋግጥ።

አንድ አንባቢ
ከአዳማ